በሁዳዴ የጣልኩት መንጠቆ

«ዋና የማይችሉ ሁለት ሽማግሌዎች ተማክረው መስመጫቸውን ገዙ» ብላ ሚስቴ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች አወራች። እውነቷን ነው፤ እኔ ዋና አልችልም፣ ጓደኛዬም አይችልም። ጀልባዋን ከገዛናት ግን ዘንድሮ ዐሥር ዓመት ሊሞላን ነው፤ አንድም ቀን አልሰመጥንም።

ጀልባ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዐሥራ ስድስት ጫማ የምትሆን፣ ከአልሙኒየም የተሠራች፣ ከኋላዋ አንድ ሞተር የተሰቀለባት ናት። ሦስት ሰው ከተሳፈረባት ሦስተኛው እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል። አንድ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ «ይሸጣል» ብሎ ወረቀት ለጥፎባት ደጁ ላይ አይተናት ነው የገዛናት። ስም አላወጣንላትም። እዚህ አገር ሰው የጀልባው ጀርባ ላይ የሚስቱን ስም ይጽፋል። እኔም ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ሚስቴ «የኔን ስም ጨው ውሃ ውስጥ ልትዘፈዝፈው ነው?» ስትለኝ ተውኩት።

ጓደኛዬን ያወቅሁት ኤርፖርት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። እሱ ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣ ነው፤ እየተማረ ታክሲ ይነዳ ነበር። እኔ በሱዳን በኩል የመጣሁ ስደተኛ ነኝ። እሱ ዲግሪውን ይዞ ቢሮ ገባ። እኔ ታክሲው ሲሰለቸኝ ፓርኪንግ ገባሁና ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ሳቆም ኖርኩ። እኔ «ምሁሩ» እለዋለሁ፣ እሱ «ግትሩ» ይለኛል። ሁለቱም ልክ ነው።

ያደግሁበት አገር ወንዝ ሞልቶ ዓሣ የሚበላ ሰው አልነበረም። ማጥመድ የተማርኩት እዚሁ አሜሪካ ነው፤ ቬኒስ በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ውስጥ የገባው ረጅም ድልድይ ላይ፣ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ከሚያጠምዱ ሰዎች ጎን ቆሜ እያየሁ። ምሁሩ ደግሞ መጽሐፍ ገዝቶ ተማረ። ነፋሱን፣ ማዕበሉን፣ ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ ቋጠሮ እቋጥራለሁ፣ ሞተሩን እነዳለሁ፣ ጀልባዋ የምትጫንበትን ተጎታች ወደ ኋላ እነዳለሁ። አንዳችን ያለ ሌላኛችን ባሕር እንዳንወጣ ተነጋግረናል። ዋና የማይችል ሰው ቢያንስ «ሰመጠ» ብሎ የሚናገርለት ያስፈልገዋል።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜዋን ለማውራት ግን ከእርሙ መጀመር አለብኝ።

ጀልባዋን በገዛን በመጀመሪያው ዓመት ሁዳዴ ገባ። ያን ጊዜ ደግሞ ሃሊበት የሚባለው ዓሣ ወደ ዳር የሚመጣበት ወራት ነው። ሃሊበት ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ትሪ አሸዋው ላይ ተነጥፎ ይተኛል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎኑ ናቸው። ምሁሩ «ዓሣ የጾም ነው» ባይ ነው፤ እኔ ሁዳዴን ዓሣ አልበላም። በዚህ ነገር ሊቃውንቱም አልተስማሙ፣ እኛም አልተስማማንም። ለማንኛውም አብረን ወጣን፤ እሱ አንድ ጥሩ ሃሊበት ያዘ። ፌርፋክስ ወደሚባለው የሐበሻ ሰፈር ይዞት ሄደና ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ጠበሱለት። ሰባት ሆነን ጠረጴዛ ከበብን። እኔ ሽሮዬን አዝዤ ተቀመጥኩ።

«ዓሣ አጥማጁ ዓሣ አይበላም!» አለ አንዱ።

«ጾም ነው» አልኩ።

«ካልበላኸው ታዲያ ለምን ገደልከው?»

«እሱ ነው የያዘው» ብዬ ወደ ምሁሩ ጠቆምኩ።

«ጀልባውን ማን ነዳ? መረቡን ማን ያዘ?» አለ ምሁሩ አፉ ሙሉ ሆኖ። «ገዳዩ አንተ ነህ፤ እኔ ቀባሪው ነኝ።»

ሳቁ። እትዬም በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ሆነው ሳቁ። ዝም ብዬ አብሬ መሳቅ ነበረብኝ። ግን ደሜ ፈላ፤ ብድግ አልኩና ጠረጴዛውን መትቼ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በሁዳዴ ባሕር ላይ መንጠቆ ብጥል እርም ይሁንብኝ!» አልኩ።

እትዬ አማተቡና «ኧረ በስመ አብ፣ ለዓሣ?» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ እርም ያልኩት ለጾሙ ብዬ አይደለም። ስለሳቁብኝ ነው። ማንም አላዘዘኝም፣ ካህንም አልገዘተኝም። ግን ከአፌ ወጣ። እኔ ደግሞ ከአፌ የወጣ ነገር እንደ ተቸከለ ምሰሶ ነው የሚሆንብኝ፤ እኔው ራሴ ልነቅለው አልችልም። ከዚያ ወዲህ ስምንት ሁዳዴ አለፈ። ቅበላ ሲሆን ጀልባዋን ምሁሩ ግቢ ውስጥ ሰማያዊ ሸራ እናለብሳታለን፤ ፋሲካ ሲያልፍ እንገልጣታለን። በየዓመቱ ምሁሩ «ሃሊበቱ እኮ ጾም መግባቱን አልሰማም» ይለኛል፤ እኔም በየዓመቱ «እኔ ሰምቻለሁ» እለዋለሁ። ፋሲካ አልፎ ስንወጣ ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጥልቁ ተመልሶ ይጠብቀናል። ምሁሩ ስምንት ጸደይ እንዲህ ሲያልፍበት አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

ሚስቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እሱም ዓይኑን የግፊት በሽታ ያዘው። ፊት ለፊት ያለውን በመጠኑ ያያል፤ የጎኑ ጠፍቷል። ሐኪሙ መኪና ከለከለው። ልጁ ሚኒሶታ ነው የምትኖረው፤ «ብቻህን አትኖርም፣ እኔ ጋ ትመጣለህ» አለችው። ዘንድሮ ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ደወለልኝ።

«ትኬት ተቆርጧል» አለኝ። «ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው።»

«ፋሲካን ሳታከብር?»

«ቤቱን የሚረከቡት ሰዎች ቸኩለዋል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ እንውጣ። አንድ ቅዳሜ ብቻ።»

«ጾም ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እርም ብያለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ሌላ ጊዜ የለኝም ነው የምልህ። እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ከዓይኔ ምን እንደሚተርፈኝ አላውቅም፤ እዚያ ደግሞ ባሕር የለም።»

«አይሆንም» አልኩት።

ብዙ አልለመነኝም። «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እኔም የረታሁ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ከማድ ቤት ሆና ሰምታኝ ኖሮ፣ «ሰውየው ዳግመኛ ላይመጣ ነው እኮ የሚሄደው» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። «ታዲያ?» አለች። ከምሁሩ ጋር አራት ቀን ሳንደዋወል ቀረን። ከኤርፖርቱ ሰልፍ ጀምሮ አራት ቀን ሳንደዋወል የቀረነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቀን የደወለችው ልጁ ናት። ዕቃ ልታስርለት መጥታለች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ዳዲ ጋ ነኝ፣ ፓክ እያደረግን ነው።»

«ጎበዝ፣ እንኳን ደህና መጣሽ።»

«ጋሼ፣ ጀልባውን በተመለከተ ምን ሆናችሁ ነው?»

«ምን አለሽ እሱ?»

«ምንም አይለኝም። በቀን ሦስቴ አራቴ ይወጣና ሸራውን ይገልጣል። ቆሞ ያየዋል፣ በእጁ ይነካካዋል፣ ከዚያ መልሶ ይሸፍነዋል። ምን ፈልገህ ነው ስለው ‹ነዳጁ እንዳይፈስ ነው› ይለኛል። ቼክ አደረግኩት፣ ጋኑ ባዶ ነው።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ዓሣ ኮ ነው ጋሼ። ቢግ ዲል አይደለም።»

«አንቺ ልጅ፣ እርም የሚባለውን ነገር ታውቂዋለሽ?»

«ኖ። ምንድን ነው?»

ላስረዳት ጀመርኩ። ስለ ምግብ ቤቱ፣ ስለ ሳቁ፣ ጠረጴዛውን ስለ መምታቴ። መሃል ላይ ተውኩት። አፌ ላይ ሳለ ነገሩ አነሰብኝ። ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ትልቅ የነበረ ነገር ለዚያች ልጅ በስልክ ሳወራው ጠረጴዛ ከመምታት አላለፈም።

«ደህና፣ እመጣለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ምሁሩ ግቢው ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ፣ «ቅዳሜ በጠዋት እንወጣለን» አልኩት።

«እርምህስ?»

«እኔ ሞተሩን እነዳለሁ። መንጠቆ የምትጥለው አንተ ነህ። እኔ መንጠቆ አልጥልም ነው ያልኩት።»

«ጠበቃ መሆን ነበረብህ።»

«ትሄዳለህ አትሄድም?»

«እንዴት አልሄድም! ሚኒሶታ ሐይቁ በረዶ ነው አሉ። በረዶውን ይበሱና ቀዳዳው አጠገብ ወንበር ስበው ቁጭ ይላሉ።»

«እንደ መጸዳጃ ቤት?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ታረቅን፤ እኔ ግን ያዘጋጀሁት ዘዴ እርሙንም ጓደኛዬንም ጠብቆ የሚያወጣኝ መስሎኝ ነበር።

የደብረ ዘይት ዋዜማ ቅዳሜ፣ ገና ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ማሪና ዴል ሬይ የሚባለው የጀልባ ወደብ ደረስን። ጀልባ የሚወርድበት ተዳፋት አለ፤ ሁሉም ተጎታቹን ወደ ኋላ እየነዳ ውሃው አፍ ድረስ ያስገባል። ትልልቅ ፒካፕ ያላቸው ጎረምሶች አራቴ ወደ ፊት አራቴ ወደ ኋላ ይላሉ፣ ይሳደባሉ፣ ሚስቶቻቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እኔ አንዴ ነው። ሠላሳ ዓመት መኪና በጠባብ ቦታ ያቆምኩት ለምን ይመስላችኋል? ምሁሩ ሁልጊዜ ከጎን ቆሞ «ይምጣ፣ ይምጣ፣ በቃ» ይለኝ ነበር፤ የሱ «ይምጣ» ባያስፈልገኝም እጠብቀው ነበር። ያን ቀንም አለ። ግን የሚመለከተው ተጎታቹን ሳይሆን ትንሽ ወዲያ ነው። ተጎታቹ የት እንዳለ አላወቀም። «በቃ» ያለው በድምፁ ገምቶ ነው። እኔም በቃ ብዬ አቆምኩ።

እንዳንሰምጥ ላይፍ ጃኬታችንን አጠለቅን። ወደቡ አፍ ላይ ካለው የማጥመጃ ምግብ መሸጫ ታንኳ ሕያው ሰርዲን በባልዲ ወሰድን። የማዕበል መከላከያውን ድንጋይ አልፈን ወደ ቬኒስ በኩል ታጠፍን። ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል። ምሁሩ ነፋሱ በአምስት ሰዓት ገደማ እንደሚነሳ ነገረኝ። ጥልቀቱ ሃምሳ ጫማ የሚሆንበት ቦታ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ሃሊበትን የምናጠምደው እንዲህ ነው፤ መልህቅ አንጥልም፣ ጀልባዋ በራሷ ትንሳፈፋለች፣ መንጠቆውም አሸዋው ላይ ይጎተታል።

ምሁሩ መንጠቆውን ሊያስር ጀመረ።

የመንጠቆን ቀዳዳ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጤነኛ ዓይን ላለውም ትንሽ ናት። ክሩን ያስጠጋል፣ ቀዳዳውን ይስታል። እንደገና ያስጠጋል፣ እንደገና ይስታል። ክሩን በምራቁ አረጠበው። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። መንጠቆውን ወደ ፀሐይ አነሣው። እኔ የእሱን ጣቶች ላለማየት ሳንታ ሞኒካ ዳርቻ ያሉትን ፎቆች እቆጥር ጀመር። እሱም አልጠየቀኝም። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም፤ ጀልባዋ ግን ጥሩውን ቦታ አልፋ ሄደች።

«ወዲህ በል» አልኩት በመጨረሻ።

«እርሙስ?»

«ማሰር መጣል አይደለም።»

«ይሄ ስንተኛው አንቀጽ ላይ ነው?»

«ዝም በል» ብዬ አሰርኩለት፤ ሰርዲኑንም አጠለቅሁለት። ወደ ነበርንበት በሞተር ተመለስንና እሱ ጣለ።

ከጣለ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ዓይን አያስፈልገውም። አመልካች ጣቱን ክሩ ላይ አሳርፎ ራሱን ዘንበል ያደርጋል፤ አሸዋውን፣ ድንጋዩን፣ የባሕሩን ሣር በጣቱ ያነባል። «አሁን አሸዋ ነው» ይላል። «አሁን ዛጎል ነው።» ሃሊበት ሲነክስ አይነጥቅም፤ ያላምጣል። የቸኮለ ሰው ያጣዋል። ምሁሩ ደግሞ ቸኩሎ አያውቅም።

«መጣ» አለ ቀስ ብሎ።

«ርግጠኛ ነህ?»

«ሽሽ።»

ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ የማጥመጃ ዘንጉን ብድግ አደረገው። ዘንጉ እስከ መያዣው ጎበጠ። የክሩ ማጠንጠኛ ጮኸ። ዓሣው ሁለቴ ወደ ታች ሮጠ፤ ሁለቴም ታገሠው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አይቼው አላውቅም። ብዙ ከታገለ በኋላ ቡናማው ጀርባ ከሥር ሲወጣ አየሁት፤ ትሪ ሳይሆን የመሶብ ክዳን ያህላል።

«መረብ!» አለ ምሁሩ።

መረቡ እጄ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። ዓሣው ጀልባዋ ጎን ደርሷል። ዝቅ ማድረግና ማንሣት ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ያ ጠረጴዛ፣ እነዚያ ስድስት ሰዎች፣ «መረቡን ማን ያዘ? ገዳዩ አንተ ነህ» ያለው ድምፅ መጣብኝ። ማሰሩን ለራሴ ፈቀድኩ፣ ሰርዲኑን ፈቀድኩ፣ መረቡንስ? ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ የዘገየሁት አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ዓሣው ራሱን አንዴ ወዘወዘ፣ ነጩን ሆዱን አሳየኝ፣ መንጠቆው ከአፉ ወለቀ። ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። አልቸኮለም እንኳ።

«ገባ?» አለ ምሁሩ።

አላየም። ከጎኑ አንድ ክንድ ርቆ የሆነውን አላየም። ዘንጉን ወደ ላይ እንደያዘ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል።

«ተበጠሰ» አልኩት።

«ተበጠሰ?»

«ክሩ ተበጠሰ።»

ፈገግታው ትንሽ ቆይቶ ነው የጠፋው። ክሩን ጠቅልሎ ጫፉን በእጁ ፈለገው። መንጠቆው አለ። ቋጠሮው አለ። በአውራ ጣቱ ቋጠሮውን ደባበሰው፣ ደጋግሞ ደባበሰው።

«ቋጠሮህ ጥሩ ነው» አለ።

ዘንጉን አስተኛው፤ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ከተተና ፊቱን ወደ የብስ አዞረ። «ነፋሱ ሳይነሣ እንመለስ» አለኝ።

የሞተሩን ገመድ ሳብኩ፤ ተነሣ። ወደ ወደቡ ጥቂት እንደሄድን ግን እጄ አልሄድ አለኝ። ስምንት ዓመት አንዲት ቃል እንዳትፈርስ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ለዚያች ቃል ብዬ የሰው ስምንት ጸደይ ወስጃለሁ። ያችኛዋ ቃል፣ «ተበጠሰ» ያልኳት፣ ዓይኑ ለማያይ ሰው፣ ለገዛ ጓደኛዬ፣ ሳላስብባት እንደ ምራቅ ነው የወጣችው። ቃሌን የምጠብቅ ሰው ነኝ ስል ኖሬ የትኛውን ቃል ነው የምጠብቀው? ሞተሩን አጠፋሁት።

«ምን ሆነ?» አለ። «ነዳጅ አለቀ?»

ሁለተኛውን ዘንግ አነሣሁ። መንጠቆ አሰርኩ፣ ሰርዲን አጠለቅሁ።

«ግትሩ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«አልተበጠሰም» አልኩት። «መረቡን ይዤ ቆሜ ቀርቼ ነው ያመለጠህ። ዋሽቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንደምታውቅ አውቃለሁ» ብዬ መንጠቆውን ጣልኩት። መንጠቆውን የሚያሰምጠው እርሳስ ውሃው ውስጥ ጠብ አለና ክሩ ከማጠንጠኛው እየተተረተረ ወረደ።

«ጣልክ?» አለ።

«ጣልኩ።»

«ስድስት ሰው ሰምቶሃል እኮ።»

«ይስሙ። ዘንግህን አንሣ፤ ዝም ብለህ የምትቀመጥ ከሆነ ሚኒሶታ ትቀመጣለህ።»

ጎን ለጎን ጣልን። ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ማክሬል የሚሉት ትንሽ ዓሣ እንኳ አልነካንም። ከዚያ አንድ ዓሣ የኔን መንጠቆ ማላመጥ ጀመረ። ጠበቅሁ፤ ዘንጉን ብድግ አደረግሁት። ዓሣው ሲወጣ «መረቡን ያዝ» አልኩት።

«እኔ? አላይም እኮ።»

«እኔ አይልሃለሁ። ወደ ግራህ። ዝቅ። ትንሽ ወደ ፊት። አሁን!»

ብድግ አደረገው። ዓሣው ውስጡ ነበር። በመጀመሪያው ነው የገባለት፤ እኔ በሁለት ጤነኛ ዓይን ያላደረግሁትን።

ሃሊበት ሃያ ሁለት ኢንች ካልሞላ መውሰድ ክልክል ነው። መቀመጫው ላይ የተለጠፈ መለኪያ አለን፤ እሱ ላይ አጋደምኩት።

«ስንት?» አለ ምሁሩ።

«ቆይ።»

ጅራቱን ሰበሰብኩ፣ ዘረጋሁ፣ አፉን ዘጋሁለት።

«ስንት ነው?»

«ሃያ።»

ከዚያ ከሆዱ የሚመጣ ሳቅ ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ። «ስምንት ሁዳዴ ጠብቀህ ጠብቀህ» አለ፣ «እርምህን የማይበላ ዓሣ ላይ ጣልከው! እግዜር ሁለት ኢንች እንኳ አላገዘህም!»

«በል ያዘው፣ እንልቀቀው» አልኩት። ዓሣውን እጁ ላይ አደረግሁለት። ወደ ውሃው ዝቅ አድርጎ ያዘው፤ እስኪበረታ ጠበቀው፤ ከዚያ እጁን ከፈተ። በአምስት ሰዓት፣ እንዳለው፣ ነፋሱ ተነሣ። ተመለስን።

ማክሰኞ ዕለት ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ልጁ «ቴንክ ዩ ጋሼ» ብላ አቀፈችኝ። እኔና እሱ ትከሻ ለትከሻ ተነካካንና «በል እንግዲህ» ተባባልን። በየቀኑ የምንገናኝ ይመስል ነበር።

በዚያው ሳምንት ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ከልጄ ያነሱ ወጣት ካህን ናቸው፤ «ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም «አባቴ» እላቸዋለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በሁዳዴ ዓሣ በላህ?» አሉኝ።

«አልበላሁም አባቴ። መንጠቆ ጣልኩ፤ እርም ያልኩትን።»

«እርም ያሰኘህ ማን ነው?»

«ማንም። ተስቆብኝ ነው።»

«ተጸጽተሃል?» አሉኝ።

እዚህ ላይ እውነት መናገር ነበረብኝ፤ ውሸቴን ልናዘዝ መጥቼ መዋሸት አልችልም። «ስለ መንጠቆው አልተጸጸትኩም» አልኳቸው። «ስለ ውሸቱ ተጸጽቻለሁ። እርሙንም መጀመሪያውኑ ባላልኩት።»

መስቀሉን አሳለሙኝ። እስከ ፋሲካ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ። ወንበር ይዤ ነው የምነሣው፤ ጉልበቴ ይጮኻል። ሚስቴ በር ላይ ቆማ «በዚህ ዕድሜህ ምን ብታጠፋ ነው?» አለችኝ። «ዓሣ» አልኳት። «የት አለ ዓሣው?» አለች። «ለቀቅነው» አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

ጀልባዋን አብሮኝ ፓርኪንግ ይሠራ የነበረ፣ አሁን ፓሳዴና የሚኖር ሰው ጓሮ አስቀምጫታለሁ። እሱ ባሕር ላይ ያስመልሰዋል፤ አብሮኝ የሚወጣ ሰው ገና አላገኘሁም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ምሁሩ ደወለ። በረዶው መቅለጥ እንደጀመረ፣ የልጅ ልጁ የሐይቁን ዳር እንዳሳየው፣ እንጀራው እንደማይጥም አወራኝ። ከዚያ ሊጠይቀኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ከድምፁ ገባኝ።

«ያ የመጀመሪያው» አለ። «ያመለጠው። ስንት ይሆን ነበር?»

አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ሲወርድ እያየሁት ነው።

«ሠላሳ» አልኩት። «ሠላሳም ያልፋል።»

«ምናለበት» አለ ቆይቶ፣ «ምናለበት ሃያ አንድ ነበር ብትለኝ?»

«ውሸቱን አንዴ ሞክሬው አልሆነልኝም።»

«ሠላሳ» አለ እንደገና ለራሱ። ከዚያ ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ላሉት ሲጮህ ሰማሁት፦ «ሰማችሁ? ሠላሳ ኢንች ይሆናል! እኔ ነኝ እስከ ጀልባው ድረስ ያመጣሁት!»